ባዶዎቹ እርከኖች፦ የፔንቲየም 4 የጉዳይ ጥናት

ኢንቴል በኖቬምበር 20 ቀን 2000 ለገበያ ያቀረበው ፔንቲየም 4 የተባለው የኮምፒውተር ፕሮሰሰር አንድን ትዕዛዝ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚያደርሰው በሃያ እርከኖች ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሃያዎቹ እርከኖች ሁለቱ፣ አምስተኛውና የመጨረሻው፣ ምንም አያሰሉም። አይደምሩም፣ አያወዳድሩም፣ ከማኅደረ ትውስታ አያነቡም። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምልክቱ ከቺፑ አንድ ጥግ ተነስቶ ሌላው ጥግ እስኪደርስ ጊዜ መስጠት። በኢንቴል ንድፍ ላይ ስማቸው «ድራይቭ» ይባላል።

የዚህን ፕሮሰሰር ንድፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ስመለከት ዓይኔ የተተከለው በእነዚህ ሁለት እርከኖች ላይ ነበር። የፕሮሰሰር መሐንዲስ እያንዳንዷን ቅጽበት እየቆጠበ የሚኖር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሃያው እርከን ሁለቱን ለመንገድ ብቻ የሚሰጠው ምን ቢያስገድደው ነው? የፔንቲየም 4 ታሪክ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ስለዚህ ፕሮሰሰር ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የአላዋቂዎች ሥራ እንደነበረ ነው። በዚህ ከልቤ አልስማማም። በዘመኑ ከነበሩት እጅግ የተራቀቁ ንድፎች አንዱ ነበር። የወደቀውም ነዳፊዎቹ ሥራቸውን ስላላወቁ አይደለም፤ የተሰጣቸውን ጥያቄ ከሚገባው በላይ ስለመለሱት ነው። ጥያቄው ራሱ ነበር የተሳሳተው።

ቁጥሩ ከየት መጣ

በ1978 የወጣው 8086 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር 29,000 ትራንዚስተሮች (ኤሌክትሪክን የሚከፍቱና የሚዘጉ ጥቃቅን ማብሪያዎች) ነበሩት፤ የሚሠራውም በ5 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ አምስት ሚሊዮን ጊዜ እየመታ ነበር። በ1985 የወጣው 386 ትራንዚስተሮቹን ወደ 275,000፣ በ1989 የወጣው 486 ደግሞ ወደ 1.2 ሚሊዮን አሳደገ። በ1993 የመጀመሪያው ፔንቲየም በ3.1 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች፣ በ60 እና በ66 ሜጋኸርዝ መጣ። ገዢው ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሊረዳውና ሊያነጻጽረው የሚችለው አንዱን ብቻ ነበር፤ የሜጋኸርዙን ቁጥር። ከፍ ያለው ቁጥር የተሻለው ነው፤ በቃ። ሻጩም ከዚህ የቀለለ ማስረጃ አያስፈልገውም ነበር።

ቁጥሩ ግን በዚያ ዘመንም ቢሆን ግማሹን እውነት ብቻ ነበር የሚናገረው። 486 በአንድ ዓይነት ሜጋኸርዝ ከ386 ጋር ሲወዳደር ሁለት እጥፍ ገደማ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ምክንያቱም ትዕዛዞችን በተደራረበ መልኩ ያካሂድ ነበር፣ ካሹም (ዳታን በቅርብ የሚይዘው ትንሽና ፈጣን ማኅደረ ትውስታ) በራሱ በቺፑ ላይ ነበር። የፕሮሰሰር ፍጥነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመታል፣ በእያንዳንዱ ምት ስንት ትዕዛዝ ይፈጽማል። ሜጋኸርዝ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን በሳጥን ላይ ለመጻፍ የሚመች ቁጥር የለም፤ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያልና።

በ1995 በፔንቲየም ፕሮ የተጀመረው ፒ6 የተባለው ንድፍ ሁለቱንም በአንድነት ያሳደገ ድንቅ ሥራ ነበር። ፔንቲየም 2 እና ፔንቲየም 3 የእርሱ ልጆች ናቸው። ከዚያ በ1999 ተፎካካሪው ኤኤምዲ አትሎን የተባለውን ፕሮሰሰር ይዞ መጣ። ለብዙ ዓመታት ኢንቴልን ከኋላ ሲከተል የነበረው ኩባንያ በድንገት ጎን ለጎን መሮጥ ጀመረ። በማርች 6 ቀን 2000 አንድ ጊጋኸርዝ (1,000 ሜጋኸርዝ) የሚመታውን አትሎን አስታወቀ። ኢንቴል በማርች 8 በፔንቲየም 3 ተከተለ። በሁለት ቀን ተቀደመ።

ሁለት ቀን ለተጠቃሚው ምንም ማለት አይደለም። በኩባንያው ላይ የነበረው ጫና ግን በዚያው ዓመት ክረምት ፍንትው ብሎ ታየ። በጁላይ መጨረሻ ኢንቴል 1.13 ጊጋኸርዝ የሆነ ፔንቲየም 3 ለቀቀ። ገለልተኛ ገምጋሚዎች ከባድ ሥራ ሲሰጡት የሚንገዳገድ ሆኖ አገኙት፤ ኩባንያውም በኦገስት መጨረሻ ከገበያ ሰበሰበው። ፒ6 በዚያን ጊዜው የ180 ናኖሜትር አሠራር (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ትራንዚስተሮቹም ያንሳሉ) የጉልበቱን ጫፍ ነክቶ ነበር። ከዚያ በላይ ለመምታት ሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ያስፈልግ ነበር።

እርሱም በአሜሪካዋ ኦሪገን፣ በዚያ በሚያልፈው ወንዝ ስም ዊላሜት ተብሎ ሲነደፍ የቆየው ፔንቲየም 4 ነው።

የጡብ ቅብብል

ረድፍ ሠርተው ጡብ የሚቀባበሉ ሰዎችን እናስብ። ጡቡ ከክምሩ ተነስቶ ግድግዳው ጋ እስኪደርስ አሥር ሰው ቢኖር፣ እያንዳንዱ ጥቂት እርምጃ መራመድ ይኖርበታል። ሃያ ሰው ብናደርጋቸው እጅ መዘርጋት ብቻ ይበቃል፤ ስለዚህ ቅብብሉ ይፈጥናል። በአንድ ደቂቃ ግድግዳው ጋ የሚደርሰው ጡብ ቁጥር ይጨምራል። ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ አንዱ ጡብ ብቻውን ከክምሩ እስከ ግድግዳው የሚወስድበት ጊዜ አለመቀነሱ ነው። እንዲያውም በየእጁ ሲገላበጥ ትንሽ ይረዝማል።

ፕሮሰሰርም ትዕዛዞቹን የሚያካሂደው በእንዲህ ዓይነት መስመር ነው፤ ፓይፕላይን ይባላል። ፔንቲየም 3 አሥር ያህል እርከን ነበረው። የፔንቲየም 4 ነዳፊዎች፣ ኔትበርስት የሚል ስም በተሰጠው አዲስ ንድፋቸው፣ ሃያ አደረጉት። በእያንዳንዱ እርከን የሚሠራው ሥራ ሲያንስ ምቱ ሊፈጥን ይችላል። ትራንዚስተሮቹ በዚያው በ180 ናኖሜትር አሠራር የተሠሩ ሆነው ሳለ ፔንቲየም 3 አንድ ጊጋኸርዝ ላይ ሲያቃስት ፔንቲየም 4 በ1.4 እና በ1.5 የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ባዶዎቹ እርከኖች የመጡትም ከዚሁ ነው። በ1.5 ጊጋኸርዝ የአንድ ምት ርዝመት የቢሊዮንኛ ሰከንድ ሁለት ሦስተኛ ነው። ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጓዘው 20 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በቺፕ ውስጥ ባሉት እጅግ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚሄድ ምልክት ደግሞ ከብርሃን በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ፔንቲየም 4 ደግሞ የ217 ካሬ ሚሊሜትር ስፋትና 42 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች ያሉት ትልቅ ቺፕ ነበር። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መድረስ ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ፤ ጊዜ ሊመደብለትም ግድ ሆነ። የዚህን ሐቅ ክብደት በአግባቡ ስንረዳ ብቻ ነው ነዳፊዎቹ ምን ያህል ሐቀኞች እንደነበሩ የሚገባን። መንገዱን ደብቀው በሌላ እርከን ውስጥ አላጨቁትም፤ ስም ሰጥተው በሰልፉ አቆሙት።

የሰልፉ መርዘም ዋጋ

በተለመደ ፕሮግራም ውስጥ ከአምስት ወይም ከስድስት ትዕዛዞች አንዱ መገንጠያ ነው፤ «ይህ ከሆነ በዚህ ሂድ፣ ካልሆነ በዚያ» የሚል። ፕሮሰሰሩ መልሱን እስኪያውቅ ቆሞ ቢጠብቅ መስመሩ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ይገምታል፤ በግምቱም መሠረት ቀጣዮቹን ትዕዛዞች ወደ መስመሩ ያስገባል። ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይሳካል። ሲሳሳት ግን በሰልፉ ላይ ያለው ጡብ ሁሉ መጣል፣ ቅብብሉም ከክምሩ እንደገና መጀመር አለበት።

ሒሳቡን በእጃችን እንሥራው። መቶ ትዕዛዞች ውስጥ ሃያ መገንጠያዎች አሉ እንበል፤ ፕሮሰሰሩም ከሃያዎቹ አንዱን ይሳሳት። ሌላ እንቅፋት ከሌለና በአንድ ምት አንድ ትዕዛዝ ቢፈጸም፣ አሥር እርከን ያለው ፕሮሰሰር መቶውን በ110 ምቶች ያጠናቅቃል። ሃያ እርከን ያለው 120 ይፈጅበታል። ሠላሳ አንድ እርከን ያለው ደግሞ 131። (የመጨረሻውን ቁጥር እንድንይዘው እፈልጋለሁ፤ በኋላ ይመጣል።) የምቱ ፍጥነት ይህን ኪሳራ አካክሶ ትርፍ ማምጣት አለበት፤ ካላመጣ ሰልፉን ማስረዘሙ ድካም ብቻ ነው።

ነዳፊዎቹ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነው በዘመኑ አቻ ያልነበራቸውን መላዎች የፈጠሩት። የኢንቴል ትዕዛዞች ርዝመታቸው ከአንድ እስከ አሥራ አምስት ባይት ስለሚለያይ እነርሱን መተርጎም አስቸጋሪ ነው። ፔንቲየም 4 ትዕዛዞቹን አንድ ጊዜ ከተረጎመ በኋላ የተተረጎሙትን 12,000 ማይክሮ ትዕዛዞች (ከትርጉሙ የሚወጡ ትንንሽ ትዕዛዞች) በሚይዝ ልዩ ካሽ ውስጥ፣ ያውም በሚፈጸሙበት ቅደም ተከተል አሰልፎ ያስቀምጣቸው ነበር። ትሬስ ካሽ ይባላል። ስለዚህ ትርጉሙ ከሃያዎቹ እርከኖች ውጭ ሆነ፤ ግምቱ ሲሳሳትም ዳግመኛ መተርጎም አያስፈልግም።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን የደመራ ክፍሉን ነው። ፔንቲየም 4 ውስጥ ቀላል ስሌቶችን የሚሠሩት ክፍሎች ከተቀረው ቺፕ በእጥፍ ፍጥነት ይመቱ ነበር። በ1.5 ጊጋኸርዙ ፕሮሰሰር ውስጥ ደማሪው በ3 ጊጋኸርዝ ይሠራል ማለት ነው፤ በ2000 ዓ.ም.! ይህን ያደረጉት ባለ 32 ቢቱን ቁጥር ለሁለት ከፍለው ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ምት የታችኛው 16 ቢት ይደመራል፤ በሚቀጥለው ግማሽ ምት የላይኛው። የመጀመሪያውን ድምር ውጤት የሚጠብቅ ሌላ ደመራ ካለ ሙሉው እስኪያልቅ አይጠብቅም፤ የታችኛው ግማሽ እንደደረሰ ሥራውን ይጀምራል። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የሚደምር ልጅ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚሄደው ነው፤ የአንዱን ውጤት ሁለተኛው ልጅ ከሥር ከሥር እየለቀመ ይቀጥላል።

ይህ ብልሃት ግን ለደመራና ለመሰሎቹ ብቻ ነው የሚሆነው። ቢቶችን ወደ ጎን የሚያንሸራትተው ትዕዛዝ የላይኛውን ቢት ወደ ታች ሊያወርድ ስለሚችል በግማሽ አይከፈልም። ስለዚህ በፔንቲየም 3 በአንድ ምት ያልቅ የነበረው ማንሸራተት በፔንቲየም 4 አራት ምት ፈጀ። ለዓመታት «ማንሸራተት ርካሽ ነው» ብለው የጻፉ ፕሮግራመኞች ሥራቸው በአዲሱ ማሽን ላይ ተጎተተ። የቅርቡ የዳታ ካሽም እንዲፈጥን ሲባል ከ16 ኪሎባይት ወደ 8 ወረደ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰፊ ትኩረት ያላገኘ ይመስለኛል። መስመሩ ከመርዘሙ የተነሳ አንድ ትዕዛዝ ዳታው ከካሽ መገኘቱ ሳይረጋገጥ አስቀድሞ ወደ ሥራ መላክ ነበረበት። ዳታው ካልተገኘ ትዕዛዙ ዞሮ እንደገና ይመጣል፤ እስኪሳካለትም ደጋግሞ ይዞራል። እያንዳንዱ ዙር የሥራ ክፍሎችን ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ውጤቱ ግን ይጣላል። በ2000 ዓ.ም. ይህ የፍጥነት ጉዳይ ይመስል ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ የሙቀት ጉዳይ ሆነ።

ደካማ ጅማሬ፣ ከዚያም ድል

የመጀመሪያዎቹ ግምገማዎች አሳፋሪ ነበሩ። በብዙ የዕለት ተዕለት ፕሮግራሞች የ1.5 ጊጋኸርዙ ፔንቲየም 4 ከ1.2 ጊጋኸርዙ አትሎን ኋላ ቀረ፤ አንዳንዴም ከአንድ ጊጋኸርዙ ፔንቲየም 3 ጋር ተንጠላጠለ። ቪዲዮ በማቀናበርና ኤስኤስኢ2 የተባሉትን አዳዲስ ትዕዛዞች በሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ግን ያይል ነበር፤ እነዚያ ረጃጅም ተመሳሳይ ስሌቶች ናቸው፣ መገንጠያ እምብዛም የላቸውም። ራምባስ የተባለው የሚያስፈልገው ማኅደረ ትውስታም ውድ ነበር።

ታሪኩን እዚህ ላይ የሚያቆሙ ሰዎች ዋናውን ክፍል ይዘላሉ። ንድፉ የታሰበው ለ1.5 ጊጋኸርዝ አልነበረም፤ ወደ ላይ ለመውጣት ነበር። ወጣም። በኦገስት 2001 ሁለት ጊጋኸርዝ ደረሰ። በጃንዋሪ 2002 በ130 ናኖሜትር የተሠራው ኖርዝዉድ የተባለው የፔንቲየም 4 ዝርያ ካሹን በእጥፍ፣ ወደ 512 ኪሎባይት አሳድጎ መጣ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 3.06 ጊጋኸርዝ ሆነ፤ ሃይፐር ትሬዲንግንም ወደ ዴስክቶፕ አመጣ፤ ባዶ የሚሆኑትን የመስመሩን ቦታዎች በሌላ ፕሮግራም ትዕዛዝ የሚሞላ ዘዴ ነው። አትሎን ከኋላ ቀረ። ኤኤምዲ በራሱ ፕሮሰሰሮች ላይ ትክክለኛውን ጊጋኸርዝ መጻፉን ትቶ «1800+» የመሰሉ ስያሜዎችን ከ2001 ጀምሮ ይጠቀም የነበረው የቁጥሩን ፉክክር በቁጥር ማሸነፍ እንደማይችል ስላወቀ ነው።

በ2002 መጨረሻ በኢንቴል ውሳኔ ሰጪዎች ወንበር ላይ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ ምን እናይ ነበር? ውርርዱ ሠርቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ የምቱ ፍጥነት በእጥፍ አድጓል። ንድፉ በአሥር ዓመት ውስጥ 10 ጊጋኸርዝ ይደርሳል ሲባል የነበረው የሕልም ወሬ አይመስልም ነበር። በዚያው ዓመት ከኩባንያው ውስጥ የወጣ ጥናትም መስመሩ ከሃያ እርከን በእጅጉ ቢረዝም ፍጥነቱ ገና ሊጨምር እንደሚችል አሳይቷል። ስሌቱ ትክክል ነበር። የኤሌክትሪክ ፍጆታን ግን አልመዘነም። በዚያው ዓመት ፍጆታውን በስሌታቸው ያስገቡ የአይቢኤም ተመራማሪዎች የሚሻለው አጠር ያለ መስመር መሆኑን አገኙ።

ውለታው ያለቀበት አሠራር

ሁለቱን ጥናቶች የሚለየውን ለመረዳት ወደ 1974 መመለስ ያስፈልጋል። የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ በዚያ ዓመት ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁም አብሮ ከቀነሰ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር የሚወጣው ሙቀት እንደማይጨምር አሳዩ። ለሠላሳ ዓመታት ያህል የፕሮሰሰር ሥራ ሁሉ በዚህ ውለታ ላይ ቆሞ ኖረ። ትራንዚስተሩን ታሳንሰዋለህ፤ ይፈጥናል፣ ይበዛል፣ ሙቀቱም በዚያው መጠን ይቆያል።

የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ ከምቱ ፍጥነት ጋር እኩል ያድጋል፤ ከቮልቴጅ ጋር ግን በካሬው ልክ። ምቱን ለማፍጠን አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጁንም ከፍ ማድረግ ስለሚያስፈልግ፣ የመጨረሻዋ ጥቂት ጊጋኸርዝ እጅግ ውድ ናት። በተቃራኒው ሁለቱንም በ20 በመቶ ዝቅ ብናደርግ ፍጆታው ወደ ግማሽ ይወርዳል። የመጨረሻው 20 በመቶ ፍጥነት የኃይሉን ግማሽ ያስከፍላል ማለት ነው። በአንድ ፈጣን ፕሮሰሰር ፋንታ ሁለት ትንሽ ዘገም ያሉ ማድረግ የሚለው ሐሳብ የተወለደው ከዚህች ሒሳብ ነው።

በ90 ናኖሜትር ውለታው አለቀ። የትራንዚስተሩን በር ከሥሩ ካለው ሲሊከን የሚለየው ሽፋን 1.2 ናኖሜትር ውፍረት ብቻ ቀረው፤ ጥቂት የአተም ንብብር ነው። ትራንዚስተሩ ተዘግቶ ሳለ ኤሌክትሪክ ማፈትለክ ጀመረ። ቮልቴጁን የበለጠ ዝቅ ለማድረግ ትራንዚስተሩ የሚከፈትበትን የቮልቴጅ ደፍ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ደፉ ዝቅ ባለ ቁጥር ግን የሚያፈተልከው በብዙ እጥፍ ያድጋል። አሁን ቺፑ ሥራ ሲፈታም ይሞቃል።

ማስጠንቀቂያ አልጠፋም። በ2001 መጀመሪያ የኢንቴል የቴክኖሎጂ ኃላፊ ፓት ጌልሲንገር በአንድ ትልቅ የመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ንድፎቹ በያዙት መንገድ ከቀጠሉ የቺፕ ሙቀት ጥግግት በጥቂት ዓመታት የኑክሌር ማብላያን፣ ከዚያ የሮኬት አፍን፣ በመጨረሻም የፀሐይን ገጽ እንደሚያህል በሥዕል አሳይቷል። ይህን የተናገረው የኩባንያው የራሱ ሰው ነው፤ ፔንቲየም 4 ገበያ ከገባ ሦስት ወር ባልሞላው ጊዜ።

ታዲያ ለምን አልተሰማም? ስንፍና ወይም ትዕቢት ነው የሚል መልስ አያሳምነኝም። አዲስ ፕሮሰሰር ተነድፎ ለገበያ እስኪበቃ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል። በ2004 የሚወጣው ቺፕ መሠረቱ የተጣለው ፔንቲየም 4 ራሱ ገና ገበያ ላይ ባልዋለበት ጊዜ አካባቢ ነው። ማስጠንቀቂያው ሲሰማ መርከቧ ከወደብ ርቃ ነበር። ኖርዝዉድም አሸንፎ መንገዱ ትክክል ነው የሚል ማስረጃ አቀረበ። ለእኔ የዚህ ጉዳይ እውነተኛ ጉድለት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የተገኘው ድል የተገኘው ውለታው ባላለቀበት አሠራር ላይ ነበር፣ የተወሰነው ውሳኔ ግን የሚፈጸመው ውለታው ባለቀበት ላይ ነው።

በ90 ናኖሜትር የተሠራው አዲሱ የፔንቲየም 4 ዝርያ፣ ፕሬስኮት፣ በፌብሩዋሪ 2004 ወጣ። 125 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች፣ አንድ ሜጋባይት ካሽ፣ ሠላሳ አንድ እርከኖች። እንደ ቀድሞው ልማድ ትራንዚስተሩ ሲያንስ ሙቀቱ መቀነስ ነበረበት። በ3.4 ጊጋኸርዝ ኖርዝዉድ የተመደበለት የሙቀት መጠን 89 ዋት ነበር፤ በዚያው ፍጥነት የፕሬስኮት 103 ዋት ሆነ። ብዙ ፕሮግራሞችንም ያካሂድ የነበረው ከቀዳሚው እኩል ወይም ዘግይቶ ነው። ቀደም ሲል በእጃችን የሠራናት 131 እዚህ ላይ ነው የምትመጣው። ተጨማሪዎቹ አሥራ አንድ እርከኖች ዋጋቸው የሚመለሰው ምቱ ወደ 4 እና 5 ጊጋኸርዝ ከወጣ ብቻ ነበር፤ ሙቀቱም እንዳይወጣ ያዘው። ማቀዝቀዣው በቂ ካልሆነ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ራሱ ምቱን እየቀነሰ ይዘገያል፤ ያን ጊዜ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ትርጉም ያጣል።

ከዚያ በኋላ ነገሮች በፍጥነት ተከታተሉ። በሜይ 2004 ፕሬስኮትን እንዲተካ የታቀደው ቴጃስ ተሰረዘ። በኦክቶበር ወር ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 እንደማይወጣ ተነገረ። በዚያው ወር ዋና ሥራ አስፈፃሚው ክሬግ ባሬት በአንድ ጉባኤ መድረክ ላይ፣ በሺዎች በሚቆጠሩ የዘርፉ ሰዎች ፊት፣ ስለዚሁ ይቅርታ ሲጠይቁ ተንበረከኩ። በኖቬምበር የወጣው 3.8 ጊጋኸርዝ የመጨረሻው ጣሪያ ሆነ፤ 115 ዋት። በ2005 የወጣው ፔንቲየም ዲ ሁለት የኔትበርስት እምብርቶችን (እያንዳንዳቸው ትዕዛዝ በራሳቸው የሚያካሂዱ ክፍሎችን) ጎን ለጎን አድርጎ እስከ 130 ዋት ደረሰ። ስለ እርሱ ብዙ የሚባል የለም፤ ጊዜ ለመግዛት የተሠራ ነበር።

የባትሪ ልጆች

ኢንቴልን ያዳነው ንድፍ ያን ጊዜ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ከ2008 በፊት ባልደረሰ ነበር። ደግነቱ ከተጀመረ ቆይቶ ነበር፤ ለሌላ ጉዳይ።

በእስራኤል ሃይፋ የሚገኘው የኢንቴል የንድፍ ቡድን ለላፕቶፕ የሚሆን ፕሮሰሰር እንዲሠራ ተሰጥቶት ነበር። ላፕቶፕ ባትሪ አለው፤ ባትሪ ደግሞ በማስታወቂያ አይታለልም። ቡድኑ የረዘመውን ሰልፍ ትቶ ወደ ፒ6 መሠረት ተመለሰ። ጥያቄውንም ቀየረ፤ «ምቱን እንዴት እናፍጥን?» ሳይሆን «እያንዳንዱ ትዕዛዝ ስንት ኤሌክትሪክ ይበላል?» አለ። አብረው የሚሄዱ ማይክሮ ትዕዛዞችን አንድ ላይ አያይዘው አሳለፉ። የመገንጠያ ግምቱን አሻሻሉ፤ የሚጣል ሥራ ሲቀንስ የሚባክን ኤሌክትሪክም ይቀንሳልና። ሥራ የሌለውን የቺፑን ክፍል አጠፉ። በማርች 2003 የወጣው ፔንቲየም ኤም 1.6 ጊጋኸርዝ ነበር፤ የተመደበለት ሙቀት 24.5 ዋት። ቁጥራቸው ከእርሱ እጅግ ከሚበልጥ ፔንቲየም 4ዎች ጋር ይፎካከር ነበር።

እዚህ ላይ የራሱ የኢንቴል ማስታወቂያ ለኢንቴል ችግር ሆነ። ለዓመታት ከፍ ያለ ጊጋኸርዝ እንዲፈልግ የተማረ ገዢ 1.6 ጊጋኸርዝ የተሻለ መሆኑን እንዴት ይቀበል? በ2004 ኩባንያው ፕሮሰሰሮቹን በሞዴል ቁጥር መጥራት ጀመረ፤ ኤኤምዲ ከሦስት ዓመት በፊት ያደረገው መሆኑ ነው። ኤኤምዲ ደግሞ በ2003 ባለ 64 ቢት የሆነውን አትሎን 64 አውጥቶ፣ የማኅደረ ትውስታ መቆጣጠሪያውን በራሱ በቺፑ ላይ አድርጎ፣ በዝቅተኛ ጊጋኸርዝ ፕሬስኮትን ያሸንፍ ነበር።

የሃይፋው መንገድ ወደ ዴስክቶፕ የደረሰው በጁላይ 27 ቀን 2006 በወጣው ኮር 2 ዱኦ ነው። አሥራ አራት እርከኖች። በአንድ ምት አራት ትዕዛዞችን የሚያስተናግድ ሰፊ መስመር። ሁለት እምብርቶች በአንድ ቺፕ፣ 291 ሚሊዮን ትራንዚስተሮች፣ 65 ዋት። 2.4 ጊጋኸርዝ የሆነው ሞዴል 3.8 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 በግማሽ ያህል ሙቀት ጥሎት ሄደ፤ አትሎን 64ንም ጭምር።

ከኔትበርስት የተረፈው

ንድፉ ሲቀር ሥራው ሁሉ አልጠፋም፤ ይህንን መናገር ለእነዚያ መሐንዲሶች የሚገባ ነው። ኤስኤስኢ2 በኤኤምዲ ባለ 64 ቢት ንድፍ ውስጥ የግዴታ ክፍል ሆኖ ስለገባ ከዚያ ወዲህ የተሠራ ማንኛውም የዚያ ቤተሰብ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ይሸከመዋል። ሃይፐር ትሬዲንግ በኮር 2 ላይ ተትቶ ነበር፤ በኖቬምበር 2008 ኔሃለም በተባለው የኢንቴል ንድፍ ተመለሰ። የተተረጎሙ ትዕዛዞችን አስቀምጦ መልሶ የመጠቀሙ ሐሳብ በጃንዋሪ 2011 ሳንዲ ብሪጅ በተባለው ሌላ የኢንቴል ንድፍ ውስጥ ቅርጹን ቀይሮ ብቅ አለ። በዚህኛው ዙር የተፈለገው ለምት ፍጥነት ብቻ አልነበረም፤ ተርጓሚው ክፍል በማያስፈልግበት ጊዜ እንዲያርፍና ኤሌክትሪክ እንዲቆጥብ ጭምር ነበር።

ባሬት የተንበረከኩበት 4 ጊጋኸርዝም መጣ። መደበኛ ምቱ 4.0 ጊጋኸርዝ የሆነው የመጀመሪያው የኢንቴል የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ7 4790ኬ፣ በጁን 2014 ለገበያ ቀረበ። አራት እምብርቶች ነበሩት፤ የተመደበለት ሙቀትም 88 ዋት ነበር።